ሴት የማትወርድበት ማቆያ

ከዘጌ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የሄደ ሰው መንገዱ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያውቃል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ተጨዋውተው ሳይጨርሱ የባሕር ዳር ዛፎች ብቅ ይላሉ። እኔ ግን በደርግ ዘመን አንድ ጊዜ ይህንኑ መንገድ ስጀምር አያት አልነበርሁም፤ ስጨርስ አያት ሆኜ ነበር።

ያን ጊዜ ዘጌ እኖር ነበር። ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝን ቡና እለቅማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ከእኔ ለሚበልጡ ሰዎች ፊደል አስቈጥራለሁ። ልጄ ትርንጎ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ነበር ቤቷ። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቷል። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ብቻዋን ነበረች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ስለዚያ ቀን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄአት አላውቅም። ሁለተኛው ሲቃረብ ግን በሰው አፍ መልእክት ላከችብኝ። መልእክቱ «ወሬ እንዳትጠብቂ፣ ነይ» የሚል ብቻ ነበር። እኔም ለአራስ የሚሆን የገብስ ዱቄት፣ ቅቤና ማር አዘጋጅቼ ተነሣሁ።

ያን ሰሞን በሐይቁ ዳርቻ አንድ ክፉ የሆድ በሽታ ገብቶ ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ ያን ጊዜም የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሬዲዮ በሽታው በአገራችን የለም ይላል። ከዜናው ቀጥሎ ያው ሬዲዮ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ጥሬ ነገር አትብሉ ይላል። ሰውም ሁለቱንም ሰምቶ ሁለቱንም አመነ። «ያ የሌለው በሽታ እኮ ወዲያ ማዶ ሦስት ቤት ገባ አሉ» እየተባለ ይወራ ነበር።

ጀልባዋ ውስጥ የነበርነው ሴቶች ሁለት ነን። ሁለተኛዋ የወረታዋ ነጋዴ እትዬ ሶፊያ ናት። ከዘጌ ቡና ገዝታ ባሕር ዳር ትሸጣለች፤ በርበሬ ደግሞ ከወረታ ዘጌ ታመጣለች። ሰፊ ሴት ናት፤ በቡናው ጆንያ ላይ ስትቀመጥ ጆንያው አይታይም። ሌሎቹ መንገደኞች ወንዶች ናቸው።

መንገዱን አጋምሰን ሳለ ቀይ ጨርቅ ያንጠለጠለች ትንሽ ጀልባ መጥታ አስቆመችን። ውስጧ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ነጭ ካፖርት የለበሰ ገበየሁ የሚባል ወጣት የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። ሌላው ከአውራጃው አስተዳደር የተላከ ጓድ ነው፤ ስሙን ነግሮን አያውቅም፣ ሁላችንም «ጓድ ተወካይ» ነበር የምንለው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ ጓድ ተወካይ ቆሞ፣ ጀልባዋ ስትወዛወዝ መልሶ ተቀምጦ፣ «ከዳርቻው የሚመጣ መንገደኛ ጤንነቱ ሳይረጋገጥ ከተማ አይገባም። ከመጣበትም አይመለስም። በማቆያ ይቆያል። ማቆያውም ያቺ ናት።» በጣቱ ወደ አንዲት ደሴት አመለከተ።

የጀልባችን ካፒቴን ደሴቷን አየ፤ ከዚያ እኔንና ሶፊያን አየ፤ መሪውንም ወደዚያው አዞረ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ደሴቷን የመረጠው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሹም ካርታ ዘርግቶ፣ በሰማያዊው መካከል አንዲት ነጥብ አይቶ፣ «ይቺ ጥሩ ናት፣ ዙሪያዋ ውኃ ነው» ብሎ ጣቱን ያሳረፈባት ይመስለኛል። ካርታው የማይናገረው ደሴቷ የወንዶች ገዳም መሆኗን፣ ከተመሠረተችበት ጀምሮም ሴት ረግጣት የማታውቅ መሆኗን ነው። ደብረ ማርቆስ፣ በክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ያለው ሹም ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጣን ቃል የሚያርመው ምን ሆኖ ነው? ባሕር ዳር ያለው ደግሞ ከቢሮው መስኮት ደሴቷ ትታየዋለች፤ እሱም ደብረ ማርቆስ አይቶ ያሳለፈውን እኔ ማነኝ አለ። መመሪያው በዚህ ዓይነት አንድም ሰው ሳይነካው ከላይ እስከ ታች ወርዶ እኔና ሶፊያ ላይ አረፈ።

ደሴቷ ጥግ ስንደርስ አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉ ቀጭን መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይጠብቁን ነበር።

«አባ፣ የመንግሥት ትእዛዝ ይዘን ነው የመጣነው» አለ ጓድ ተወካይ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ፤ ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«እንግዳ ነው፣ ይግባ» አሉ አባ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። እኔም ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር መቋሚያቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። «እኒህ ግን አይወርዱም።»

«አባ፣ አብዮታችን ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብሏል።»

«ደግ ብሏል። እኔም የሴት መነኮሳት ገዳም አልገባም።»

ጓድ ተወካይ ለዚህ የሚሆን መልስ በትምህርት ክበብ አልተሰጠውም ነበር። ወደ ገበየሁ ዞረ።

«ከተማ እናስገባቸው» አለ ገበየሁ።

«ከተማ አይገቡም ይላል መመሪያው።»

«ወደ ዘጌ ይመለሱ።»

«አይመለሱም ይላል።»

«ታዲያ የት ይሁኑ?»

ሁሉም ወደ ውኃው አዩ። እኛም የተቀመጥነው ውኃው ላይ ነበርና ነገሩ ያለ ስብሰባ ተወሰነ። ካፒቴኑ ጀልባዋን ከዳር ባለ ዛፍ አስሮ እሱም ከወንዶቹ ጋር ወረደ፤ ሴቶቹ በስሕተት እንዳይሻገሩ መውረጃው ሳንቃ ተነሣ። ገመዱ መሬት ይንካ አይንካ ለጥቂት ጊዜ ክርክር ነበር፤ አባ ገመዱን ፈቀዱ።

እንዳላዝን ነው መሰለኝ ሶፊያ ልታጽናናኝ ሞከረች። «እኔስ እስላም ነኝ፤ ድሮም ልገባ አላሰብሁም። የተከለከልሽው አንቺ ነሽ፣ እቴ።»

«ልጄ እኮ ወሯ ገብቷል» አልኋት።

ወዲያው መቀለዷን ተወች። ከጆንያው ላይ ጠጋ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ተንከባከበን። በማግስቱ ጧት ገበየሁ በትንሿ ጀልባ መጥቶ ለእያንዳንዳችን ከአዲስ አበባ የተላከ ነው ያለውን ክኒን አስዋጠን። እኩለ ቀን ላይ ጓድ ተወካይ በታንኳ መጥቶ የአውራጃው አስቸኳይ ኮሚቴ የመደበው ነው ብሎ ያንኑ ክኒን አመጣ። ወደ ማታ የፋሲሎ ቀበሌ ሊቀ መንበር ጓድ ምትኩ ደረሰ። ጓድ ምትኩ ከአብዮቱ በፊት ሹም አቦ ሠፈር ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁን የድምፅ ማጉያ ተሰጥቶታል፤ እጁን ቢዘረጋ በሚነካን ርቀት ላይ ሆኖም በድምፅ ማጉያው ነበር የሚያናግረን።

«ጓዶች! ቀበሌያችሁ አልረሳችሁም! አፋችሁን ክፈቱ!»

ክኒኑ ያው ነው።

«ሁለት ጊዜ ውጠናል እኮ» አልሁት።

«ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው» አለኝ በማጉያው። «እኔ የምመለከተው የራሴን ነው።»

ገበየሁ ይህን ሲሰማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እናቴ፣ የእኔን ብቻ ይዋጡ፤ የሌሎቹን ምላስዎ ሥር ይያዙና ሲሄዱ ይትፉት» ብሎ መከረኝ። በስተርጅና እንዲህ ያለ ሙያ ተማርሁ።

መድኃኒቱ በሦስት እጅ ሲመጣ ምግብ በአንድም አልመጣም። ገበየሁ ምግብ የአውራጃው ነው ይላል። ጓድ ተወካይ ምግብ በአካባቢ አቅም ይሸፈናል፣ የቀበሌው ነው ይላል። ጓድ ምትኩ ደግሞ ደሴቷ በቀበሌዬ ክልል አይደለችም፣ እንዲያውም በማንም ቀበሌ የለችም ብሎ በማጉያው አስታወቀ። ያበሉን አባ ናቸው። በረጅም የሸምበቆ ዘንግ ጫፍ ላይ ዳቦና ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ከዳር ሆነው ያቀብሉናል። ሶፊያ ዘንጉን ስትቀበል እንዳትስበው አባ ሁልጊዜ ያስጠነቅቋታል፤ በክብደቷ ይሠጋሉ።

ስለ ሌላው ጉዳይ ብዙ አልጽፍም። በሽታው በውኃ ይተላለፋል ብለው ውኃ ላይ ያስቀመጡን ሰዎች፣ ሁለት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚያስፈልጋቸው አላሰቡም ነበር። ያሰበው ገበየሁ ነው፤ ክዳን ያለው ባልዲና ኖራ አመጣልን። ባልዲውን ማን እንደሚወስድ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ሲከራከሩ፣ የዚያኑ ያህል ጊዜ ባልዲው እኛ ዘንድ ቆየ።

ዕቃችን ላይ ደግሞ የሚሸት መድኃኒት ይረጭ ተባለ። ገበየሁ መመሪያው የሚለው እጅ መታጠብን ነው ብሎ ተከራከረ፤ ጓድ ተወካይ ግን ረጪ መሣሪያ ከመጋዘን አስወጥቶ ፈርሞበታልና ሳይረጭ አይመልሰውም። የሶፊያን ቡና ረጨ፤ የእኔን የገብስ ዱቄት ረጨ።

«ይህን ቡና አሁን ማን ይጠጣዋል?» አለችው ሶፊያ።

«ጀርም የለበትም» አላት።

«ገዢም አይኖረው።»

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል የማየው ወደ ባሕር ዳር ብቻ ነበር። ዛፎቹ ይታዩኛል። ጎበዝ ዋናተኛ የሚደርስበት ቦታ ነው። ለሚመጣው ሁሉ «ልጄ ፋሲሎ ናት፣ ልትወልድ ነው፣ ሰው የላትም» እላለሁ። ገበየሁ ይጽፈዋል። ጓድ ተወካይ ለበላይ እናሳውቃለን ይላል። ጓድ ምትኩ ደግሞ ለቀበሌው ነዋሪዎች በማጉያ አሳወቀ፤ የባሰው ይህ ነው፤ ትርንጎ የሰማችው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ጧት የገበየሁ ጀልባ ስትመጣ ከክኒኑ ሣጥን አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሆዷን አይቼ ነው ያወቅኋት፤ ፊቷን ሻሽ ሸፍኖታል።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አልኋት።

«ልወልድ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ጓድ ሊቀ መንበሩን ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ከማቆያ መውጣት እንጂ መግባት አልተከለከለም አለኝ። ገባሁ።» ሶፊያ እጇን ይዛ ስታሻግራት ትርንጎ ጆንያውን፣ ባልዲውን፣ ዘንጉን አየችና «አንቺ ካልመጣሽ እኔ ልምጣ ብዬ ነው፣ እማ። ደግሞ ሳየው ከአንቺ ቤት ብዙም የባሰ አይደለም» አለችኝ።

እንዲህ ስትል ባልቈጣት ይሻል ነበር፤ ግን ተቈጣኋት። ሐኪም ቤት አጠገብ ሁኚ ተብላ ሳለ ሐኪም ቤቱን ትታ መጣች። ገበየሁን ዛሬውኑ መልሳት አልሁት። ወጣቱ ፊቱ ቀላ። እግሯ ጀልባችንን ሲነካ እሷም ከዳርቻው የመጣች መንገደኛ ሆናለች፤ መግባት እንጂ መውጣት አይቻልም። ለማናቸውም ብሎ ጓድ ተወካይን ለመጠየቅ ሄደ፤ ጓድ ተወካይ ደብረ ማርቆስን ለመጠየቅ ሄደ፤ ደብረ ማርቆስ አዲስ አበባን ጠየቀ።

ምጡ መልስ አልጠበቀም። ከሰዓት በኋላ ጀመራት። ካፒቴኑ ከደሴቷ ሆኖ ሲያየን ወዲያው ገባው፤ የገዳሙን ትንሽ ታንኳ ይዞ ገበየሁን ሊጠራ ቀዘፈ። ማቆያውን ጥሶ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። ሶፊያ ጋቢዋን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ አስራ ጋረደችን። ደሴቷ ላይ ያሉት መንገደኞች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዙረው ቆሙ። አባ ወልደ ትንሣኤም ጀርባቸውን ሰጥተውን ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር።

ስለ ምጡ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ረጅም ነበር። ገበየሁ ደረሰ፤ አንድ ጊዜ ፊቱን ሲያዞር አየሁት፣ ከዚያ በኋላ እጆቹን ብቻ ነው ያየሁት። ትርንጎ የተናገረችው አንድ ጊዜ ነው።

«እማ፣ እንደ ፊተኛው ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኋት። አውቄ አልነበረም።

ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ። ሶፊያ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ገዳም አጠገብ መሆኗን አስታውሳ ዘጋችው። ወዲያው ግን አባ ጀርባቸውን እንደ ሰጡን «እልል በሉ እንጂ፣ ድምፅ አይረግጥም» አሉ። እልል አልን።

ጓድ ተወካይና ጓድ ምትኩ የደረሱት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ትርንጎ በነጠላ ተሸፍና ተኝታለች፤ ሕፃኑ እኔ እጅ ላይ ነው።

«ምንድን ነው?» አለ ጓድ ምትኩ። ማጉያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ወንድ» አልሁት።

«ወንድማ ከሆነ» አሉ አባ ከዳር፣ «እሱ መውረድ ይችላል።»

እየቀለዱ ይሁን አይሁን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ጓድ ተወካይ ግን አልሳቀም። ነገሩን ያዘው። መንገደኛ በደሴቷ ይቆያል ይላል መመሪያው፤ ያልወረዱት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ሕፃኑ ወንድ ነው። ሕፃኑ ወደ ደሴቷ ይውረድ ማለት ነው።

«ማን ያጠባዋል? አባ?» አለች ሶፊያ።

ገበየሁ እጁን እየታጠበ ነበር። ቀና ብሎ፣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «መመሪያው ከዳርቻው የመጣ መንገደኛ ነው የሚለው። ይህ ሰው ከየት ነው የመጣ?»

ሁለቱ ጓዶች ሕፃኑን አዩት። ከዘጌ አልመጣም። ከወረታም አልመጣም። ሲነሣ ያየው የለም፤ የሚመለስበትም የለውም።

«ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል» አለ ጓድ ተወካይ።

«ይጠየቃ። መልሱ እስኪመጣ ግን የት እናቆየው? ማቆያ ውስጥ ካስቀመጥነው ያለ መመሪያ የታሰረ ሰው ሊሆን ነው። ኋላ ማን ፈቀደ ቢባል…»

ገበየሁ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አያስፈልግም። ጓድ ተወካይ ጓድ ምትኩን አየው፤ ጓድ ምትኩ ጓድ ተወካይን አየው።

«እንግዲያስ ከተማ ይግባ» አለ ጓድ ምትኩ። «ግን በቀበሌው ክልል አልተወለደም፤ የፈቀደው አውራጃው ነው ተብሎ ይያዝ።»

«ቀበሌው በጠየቀው መሠረት ተብሎ ይያዝ» አለ ጓድ ተወካይ።

«እናቱስ?» አለ ገበየሁ።

«ያለ እሷ ምን ይጠባል፣ ትሂድ» አለ ጓድ ተወካይ።

«አያቱስ?»

ጓድ ተወካይ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ሕፃኑን ለማንም አላቀብልም ብዬ ያዝሁት። አልለመንሁትም። ሰው በዚህ ሰዓት ለምኖ ካጣ በኋላ ምን ያደርጋል?

«የያዘችው እሷ አይደለች? ትሂድ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ደግሞ ገንፎ አገነፋለሁ» ብላ ሶፊያ ሳትጠየቅ ወደ ትንሿ ጀልባ ገባች። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ዘመመች፤ ማንም ሊከራከራት አልደፈረም። ወንዶቹ መንገደኞች ጤነኞች እንደሆኑ ደሴቷ ላይ ቀሩ። ካፒቴኑ በኋላ ሲያገኘኝ እንደነገረኝ፣ ስንሄድ ሲያዩን ሁሉም ሴት ባለመሆናቸው ተቈጭተዋል።

ባሕር ዳር ስንደርስ ትርንጎን በጋሪ ጭነን ፋሲሎ ገባን። ሰንበት ብሎ ገበየሁ እትብቱን ሊያይ መጣ። ከአዲስ አበባ መልስ መጥቷል አለን። ሴቶቹ እስካሁን ወደ ደሴቷ ያልወረዱበት ምክንያት ባስቸኳይ ይገለጽ ይላል። ስለ ሕፃኑ ምንም አይልም።

ከበሽታው ነጻ መሆናችን ስላልተረጋገጠ ግን ከቤት እንዳንወጣ ተባለ፤ በራችን ላይ ጠባቂ ቆመ። ጠባቂውን የላከው አውራጃው ነው። አውራጃው መላኩን ያልሰማው ቀበሌም የራሱን ላከ። ሁለቱ ጠመንጃቸውን ይዘው በአንዲት ጠባብ በር ግራና ቀኝ ቆሙ። መጀመሪያ አይነጋገሩም ነበር፤ እያንዳንዱ ሌላው እሱን ሊጠብቅ የተላከ መስሎት ነው። ሶፊያ ግን በአራስ ቤት ሥራ ፈትቶ የሚቆም ወንድ አይታ አታውቅም። አንዱን መጥረቢያ አስያዘችው፤ ሌላውን ማሰሮ። የአውራጃው እንጨት ፈለጠ፤ የቀበሌው ውኃ ቀዳ። ማታ ማታ ከጎረቤት በመጣ ዱቄት የተገነፋውን ገንፎ አንድ ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ልጇን አጥብታ፣ እሱም እሷም እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሷ እንዲያ ስትተኛ ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ደጅ ሁለቱ ጠባቂዎች በወሬ ተነሣሥተው ድምፃቸው ከፍ ብሏል። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ «ዝም በሉ፣ ተኝተዋል» አልኋቸው።

ከአንድ ቦታ የወጣ ትእዛዝ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲደርሳቸው የመጀመሪያው ነው መሰለኝ። ማንንም ሳይጠይቁ ዝም አሉ።